የሐኪሙ ደጅ፦ የቅድሚያ ክፍያ ሕክምና ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ



የዛሬው ርእሴ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በተለይም በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በዋሺንግተን ክፍለ ግዛት፣ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ያለ አንድ የሕክምና አሠራር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ከታካሚዎቹ ጋር ውል ይገባል። ታካሚው ታመመም አልታመመም በየዓመቱ ወይም በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል። ሐኪሙ ደግሞ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ታካሚ ላለመያዝ፣ የያዛቸውንም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ለመቀበል፣ በቀጠሮውም ሳይቸኩል ለመመርመር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲደውሉለትም ለመመለስ ቃል ይገባል። ነጋዴ ጠበቃን በዓመት ክፍያ እንደሚይዝ ሁሉ ታካሚም ሐኪምን ያዘ ማለት ነው።

አሜሪካውያን ይህን «የኮንሲየርጅ ሕክምና» ይሉታል። ኮንሲየርጅ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን የሕንፃ ጠባቂ ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ በትልልቅ ሆቴሎች የእንግዳውን ፍላጎት የሚያሟላ ሠራተኛ መጠሪያ ሆኗል። በእኛ ቤተ መንግሥት ታሪክ የምናውቀው እልፍኝ አስከልካይ ከዚህ ቃል ብዙም አይርቅም። ማን እንደሚገባና ማን ደጅ እንደሚጠና የሚለየው እሱ ነበርና።

ይህን አሠራር የሚያወድሱትም የሚነቅፉትም ብዙ ጊዜ የሚናገሩለት እንደ አዲስ ፈጠራ ነው። እኔ ዛሬ ሁለት ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በአሜሪካ ለሐኪም አስቀድሞ መክፈል ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለየው አከፋፈሉ ሳይሆን የታካሚው ቁጥር ነው። አሮጌው ውል ሐኪም ማግኘት የማይችለውን ብዙ ሰው ወደ ውስጥ ለማስገባት የታሰበ ነበር፤ አዲሱ በሐኪሙ መዝገብ ላይ ያለውን ሰው ለመቀነስ የታሰበ ነው።

የሠራተኛው ግማሽ ዶላር

በ1910 በታኮማ ከተማ ዌስተርን ክሊኒክ የተባለ የሐኪሞች ቡድን ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ባለቤቶችና ሠራተኞች ጋር ውል ገባ። ለእያንዳንዱ አባል በወር ግማሽ ዶላር ይከፈላል፤ ቡድኑም አባሉን ያክማል። የእንጨት ሥራ መጋዝና ግንድ ያለበት፣ እጅና እግር የሚቀጠፍበት ሥራ ነበር። ሠራተኛው አደጋ በደረሰበት ቀን የሐኪም ዋጋ ከኪሱ ማውጣት አይችልም፤ በየወሩ ግማሽ ዶላር ግን ይችላል።

ለሐኪሙስ ምን ይጠቅመዋል? በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሐኪም ትልቁ ጣጣ ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። በሽተኛው ሲድን ገንዘቡ አይገኝም፤ ሲሞት ደግሞ ጨርሶ አይጠየቅም። የቅድሚያ ክፍያ ይህን ጣጣ አስቀርቶ ለሐኪሙ የማይቋረጥ ገቢ ሰጠው። በምላሹ አደጋውን በትከሻው ተሸከመ፤ ሕመም በበዛበት ወር ሥራው ይበዛል እንጂ ገቢው አይጨምርም። ስለዚህ ውሉ የሚያዋጣው አባሉ ሲበዛ፣ የጤነኛው ክፍያ የታመመውን ሲደግፍ ነው። ሒሳቡ ራሱ ብዙ ሰው ይጠይቃል።

በዚያው ዘመን በመላ አገሪቱ ኦድ ፌሎውስንና ፎረስተርስን የመሳሰሉ የመረዳጃ ማኅበራት የየራሳቸውን ሐኪም በውል ይይዙ ነበር። የእኛ እድርተኛ ለክፉ ቀን አስቀድሞ እንደሚያዋጣ እነሱም ለሕመም ቀን ያዋጡ ነበር። የአንድ አባል የዓመት ክፍያ በአብዛኛው 1 ወይም 2 ዶላር ነበር፤ ይህም ከአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ብዙ አይበልጥም። በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ፣ ኢቦር ሲቲ በተባለው ሠፈር፣ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ የስፔን ስደተኞች ሴንትሮ ኢስፓኞልና ሴንትሮ አስቱሪያኖ በተባሉ ማኅበሮቻቸው አማካይነት ሐኪም ከመያዝም አልፈው ሆስፒታል አቋቁመዋል።

የሐኪሞች ማኅበራት ይህን አሠራር አጥብቀው ተቃወሙ። ሦስት ምክንያት ያቀርቡ ነበር። አንደኛ፣ ሐኪሞች ውል ለማግኘት ሲሻሙ ዋጋ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የሙያው ሰው ሙያ በሌላቸው ሰዎች ድምፅ ይሾማል፣ ይሻራል። ሦስተኛ፣ በርካሽ የተያዘ ሐኪም ከልክ በላይ ብዙ በሽተኛ ስለሚይዝ እያንዳንዱን በችኮላ ያያል። ይህን ሦስተኛውን ምክንያት ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ተቃውሞው በቃል ብቻ አልቀረም። የታኮማና የአካባቢዋ ሐኪሞች በ1917 የራሳቸውን ቢሮ አቋቁመው ታካሚው ከአባል ሐኪሞች መካከል የፈለገውን የሚመርጥበት የቅድሚያ ክፍያ ውል መሸጥ ጀመሩ። ግሩፕ ሄልዝ አሶሲዬሽን የተባለው በዋና ከተማዋ በዋሺንግተን የተቋቋመ ማኅበር በቅድሚያ ክፍያ ሐኪሞችን ሲቀጥር የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሊያሰናክለው በመሞከሩ ተከሰሰ። ጉዳዩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1943 ማኅበሩ ንግድን ለማገድ አሢሯል የተባለበት ፍርድ ጸና። በሲያትል ደግሞ በ1947 ግሩፕ ሄልዝ ኮኦፐሬቲቭ የተባለ ታካሚዎቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ሐኪሞች ማኅበር ለኮኦፐሬቲቩ የሚሠሩ ሐኪሞችን ሲያገል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1951 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለኮኦፐሬቲቩ ፈረደ።

እንግዲህ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቅድሚያ ክፍያ የሠራተኛው፣ የስደተኛውና የማኅበርተኛው መሣሪያ ነበር። በአምሳ ዓመት ውስጥ እንዴት የባለጸጋው መሣሪያ ሊሆን ቻለ?

በጉብኝት የሚቆጠር ሐኪም

መልሱ ያለው በጤና መድን ታሪክ ውስጥ ነው። በ1929 በዳላስ የቤይለር ሆስፒታል ለመምህራን በወር ግማሽ ዶላር እያስከፈለ እስከ 21 ቀን የሚደርስ የሆስፒታል ሕክምና ለመስጠት ተስማማ። የአሜሪካ የግል ጤና መድን የሚቆጥረው ልደቱን ከዚህ ነው። መድኑ ከሆስፒታል ስለተነሣ ቀድሞ የደረሰው ለአልጋና ለቀዶ ሕክምና ነበር፤ የሠፈሩ ሐኪም የዕለት ተዕለት ሥራ በኋላ የመጣ ነው። በ1965 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ሲታወጅም ለሐኪም የሚከፈለው በእያንዳንዱ አገልግሎት ሆነ።

በዚህ አከፋፈል ምርመራና ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ባለሙያ ብዙ ያገኛል፤ ተቀምጦ የሚያዳምጠው፣ የሚመክረው ሐኪም ግን ጥቂት። ሜዲኬር ይህን ለማስተካከል በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዊሊያም ሲያኦ መሪነት በተሠራ ጥናት ላይ የተመሠረተ አዲስ የዋጋ ሠንጠረዥ ከ1992 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ። ልዩነቱ ግን አልጠፋም። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጠው ሐኪም የቢሮ ኪራዩን፣ የነርሷንና ከመድን ድርጅቶች ጋር ስትጻጻፍ የምትውለውን ጸሐፊ ደመወዝ ለመክፈል ያለው ዋና መንገድ በቀን የሚያየውን ሰው ማብዛት ሆነ።

በ1973 የወጣው የጤና ጥበቃ ድርጅቶች ሕግ ሌላ መንገድ ከፈተ። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ብዙ ሐኪሞች በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ ይከፈላቸው ጀመር። መልኩ ከታኮማው ውል ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ውሉን የያዘው ታካሚው ወይም ማኅበሩ ሳይሆን የመድን ድርጅቱ ነው። በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት ታካሚው ወደ ልዩ ሐኪም ለመሄድ የመጀመሪያ ሐኪሙን ፈቃድ እንዲጠይቅ ሲደረግ ሐኪሙ በድርጅቱ ስም በር ጠባቂ ሆነ። የነፍስ ወከፍ ክፍያው አነስተኛ በመሆኑም ብዙ ሺህ ስም በመዝገቡ ላይ መያዝ ግድ ሆነበት።

የዚህን ጫና ልክ የሚያሳይ አንድ ጥናት በ2003 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት ታትሟል። አንድ ሐኪም 2,500 ታካሚዎች ቢኖሩትና በመመሪያ የተደነገገውን የመከላከል አገልግሎት ሁሉ ለሁሉም ልስጥ ቢል፣ ለዚያ ብቻ በየሥራ ቀኑ 7.4 ሰዓት ያስፈልገዋል። የታመመውን መቼ ያያል? የሐኪሞች ማኅበራት በመቶ ዓመቱ መጀመሪያ የማኅበር ሐኪሞችን የነቀፉበት ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለትም በዝቶ የተጨናነቀው መዝገብ፣ በመቶ ዓመቱ መጨረሻ የመላው ሙያ ኑሮ ሆኖ ነበር።

ሲያትል፣ 1996

በዚህ ሁኔታ ውስጥ በ1996 በሲያትል ሃዋርድ ማሮንና ስኮት ሆል የተባሉ ሐኪሞች ኤምዲ ስኩዌርድ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ዶክተር ማሮን ሲያትል ሱፐርሶኒክስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ለተጫዋች ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ይኸው ቅርበት ለቤተሰብ ቢሸጥስ የሚል ሐሳብ ነው ድርጅቱን የወለደው። አንድ ሐኪም ከ50 ቤተሰብ በላይ አይዝም፤ ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 20,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሃምሳ ቤተሰብ በሃያ ሺህ ዶላር ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። መድን ድርጅት በመካከል የለም።

በ2000 በፍሎሪዳ በቦካ ራቶን ከተማ የተቋቋመው ኤምዲቪአይፒ ይህንኑ ሐሳብ ለመካከለኛው መደብ አቀረበው። የሐኪሙ ታካሚ ጣሪያ 600 ሆነ፤ የዓመቱ ክፍያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1,500 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ የሐኪሙን ሒሳብ ቆም ብለን እንየው። 600 ሰው ቢሞላ 900,000 ዶላር ይሰበሰባል። ድርጅቱ ለስሙ፣ ለሕግ ምክሩና ለአስተዳደሩ ከእያንዳንዱ ሰው ወደ 500 ዶላር ቢወስድ ለሐኪሙ 600,000 ዶላር ይቀራል፤ ከዚህ ላይ ወጪውን ይሸፍናል። በዚህ ሞዴል ሐኪሙ ከመድን ድርጅት ጋር አልተለያየምና የየቀጠሮውን ክፍያ ከዚያም ይጠይቃል። በ2009 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የሳሙናና የቤት ዕቃዎች ኩባንያ ኤምዲቪአይፒን ገዛው፤ በ2014 ደግሞ ለአንድ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ሸጠው። የሠፈሩ ሐኪም ደጅ የገበያ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ሽግግሩ የሚፈጸመው በደብዳቤ ነው። ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ ላሉት ሁሉ ይጽፋል፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ አሠራሬ ይለወጣል፤ መቀጠል የምትፈልጉ ውሉን ፈርሙ፤ የማትፈልጉ ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም እንድትዛወሩ እረዳለሁ። መዝገቡ ላይ 2,500 ሰው ቢኖርና ጣሪያው 600 ቢሆን፣ ቢያንስ 1,900 ሰው ሌላ ሐኪም ይፈልጋል።

ሕጉ ምን አለ?

ሕጉ ጥያቄውን የመለሰው ከጎን በኩል ነው። ሜዲኬር ለከፈለበት አገልግሎት ሐኪም ከታካሚው ተጨማሪ ገንዘብ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ በፈቀደው መሠረት ለሁለት ዓመት ከሜዲኬር ጨርሶ መውጣትና ከታካሚው ጋር በግል መዋዋል ነው። ሁለተኛው፣ በሜዲኬር ውስጥ ሆኖ ዓመታዊው ክፍያ ሜዲኬር ለማይሸፍነው አገልግሎት ብቻ ነው ብሎ መዋዋል ነው።

በሁለተኛው መንገድ የሚጓዝ ሐኪም የቃል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በ2004 የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይ የሚኒሶታ አንድ ሐኪም ጉዳይ ተጠቅሷል። ሐኪሙ ከታካሚዎቹ በዓመት 600 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በውሉ ላይ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መቀናጀትና ለታካሚው ተጨማሪ ጊዜ መስጠት የሚሉ ይገኙበታል። ቢሮው ከእነዚህ ቢያንስ አንዳንዶቹን ሜዲኬር አስቀድሞ ከፍሎባቸዋል አለ፤ ሐኪሙም 53,400 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ፤ ውሉንም አቆመ። እንግዲህ ሐኪሙ በእርግጥ የሚሸጠው ጊዜውን ሆኖ ሳለ በውሉ ላይ «ጊዜ» ብሎ መጻፍ አደገኛ ሆነ ማለት ነው።

የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በበኩሉ በ2003 የሥነ ምግባር መመሪያ አወጣ። አሠራሩን አልከለከለም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር አሳሰበ። ውሉን ያልፈረሙ ታካሚዎች ሌላ ሐኪም እንዲያገኙ ይረዱ፤ ገንዘብ የከፈለ የተሻለ ምርመራና ፈውስ እንደሚያገኝ ተደርጎ አይነገር፤ ሐኪሞች ለችግረኛው ያለባቸው ግዴታ አይዘንጋ። ከስልሳ ዓመት በፊት በቅድሚያ ክፍያ ምክንያት የተፈረደበት ማኅበር አሁን ለቅድሚያ ክፍያ ደንብ አውጪ ሆነ።

የምክር ቤቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ጉዳዩን እንዲያጠና በሕግ ታዝዞ በ2005 ሪፖርት አቀረበ። በ2004 በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ 146 ሐኪሞችን ለይቷል። ክፍያቸው በዓመት ከ60 እስከ 15,000 ዶላር ይዘረጋ ነበር፤ መልስ ከሰጡት ግማሽ ያህሉ ከ1,500 እስከ 1,999 ዶላር ያስከፍሉ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የደረሰበት መደምደሚያ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በሜዲኬር ታካሚዎች ላይ ሰፊ ችግር አድርሰዋል ለማለት አያስችልም የሚል ነበር። መልሱ ለዚያ ዓመት ትክክል ነው። ነገር ግን አሠራሩ ጉዳት የለውም ማለትና ገና ጥቂት ናቸው ማለት አንድ አይደለም።

ወደ አሮጌው ውል የመመለስ ሙከራ

በዚያችው በሲያትል ሌላ ሙከራም ነበር። ዶክተር ጋሪሰን ብሊስ ቀደም ሲል በወርሃዊ ክፍያ ይሠሩ ከነበሩ ሐኪሞች አንዱ ናቸው። በ2007 ክሊያንስ የተባለውን ክሊኒክ ለሕዝብ ከፈቱ። መድን ድርጅት አይገባበትም፤ ታካሚው በወር፣ እንደ ዕድሜው፣ በአብዛኛው ከ100 ዶላር የማይበልጥ ይከፍላል፤ ለከባድ ሕመም ሌላ መድን ይይዛል። ይህ «ቀጥተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና» ተባለ። በዚያው ዓመት የዋሺንግተን ክፍለ ግዛት ይህ ውል የመድን ሽያጭ እንዳልሆነ የሚደነግግ ሕግ አወጣ። በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግም ከመድን ጋር እስከተጣመረ ድረስ እውቅና ሰጠው። ክሊያንስ ከአሠሪዎች ጋር ተዋዋለ፤ ኋላም ሜዲኬድ በተባለው የድኾች መድን የሚታከሙ ሰዎችን ተቀበለ። ሐሳቡ ከ1910ው የታኮማ ውል ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ትንሽ ክፍያ፣ ተራ ሠራተኛ፣ አሠሪ ተካፋይ።

በ2017 ክሊያንስ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ግሩፕ ሄልዝ ኮኦፐሬቲቭ በካይዘር ፐርማነንቴ ሥር ገባ። ለሀብታሙ የተቋቋመው ኤምዲ ስኩዌርድ ግን ሥራውን ቀጠለ። ትንሽ ክፍያ በትንሽ መዝገብ ወጪ አይሸፍንም፤ ትልቅ ክፍያ በትንሽ መዝገብ ይሸፍናል። ቀጥተኛው አሠራር ግን በሌሎች ክፍላተ ግዛት በትንንሽ ክሊኒኮች አልሞተም። በ2025 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከ2026 መባቻ ጀምሮ ዜጎች ከቀረጥ ነፃ በሆነ የጤና ቁጠባቸው ለአንድ ሰው በወር እስከ 150 ዶላር፣ ለቤተሰብ እስከ 300 ዶላር ለዚህ ዓይነቱ ውል እንዲከፍሉ ፈቅዷል።

ፍርዱን እንዴት እንስጥ?

ሐኪሙን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በዚያ አልስማማም። በቀን ውስጥ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲሮጥ የሚውል፣ ማታ ደግሞ ወረቀት ሲሞላ የሚያመሽ ሰው ሙያውን በተማረበት ልክ ልሥራ ቢል ምኞቱ የተከበረ ነው። ስድስት መቶ ታካሚዎቹን በስም ያውቃቸዋል፤ ሕመማቸውን ቀድሞ ይደርስበታል፤ እሱ ራሱም ሥራውን ጥሎ ከመሄድ ይተርፋል። በአንድ ሐኪም ክፍል ውስጥ ቆመን ስናየው ሽግግሩ ትክክል ይመስላል።

ከክፍሉ ወጥተን ከተማውን ስናይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እያንዳንዳቸው 2,500 ታካሚ የነበራቸው አራት ሐኪሞች ወደ 600 ቢወርዱ 7,600 ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ይህን ሕዝብ በቀድሞው መጠን ለመያዝ ሌሎች ሦስት ሐኪሞች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ከየትም አይመጡም፤ ስለዚህ ሰዎቹ ባልተሸጋገሩት ሐኪሞች መዝገብ ላይ ይጨመራሉ። የእነዚያ ሐኪሞች መጨናነቅ ይብሳል፤ መጨናነቁም ለሚቀጥለው ሽግግር ምክንያት ይሆናል። ማንም ክፉ ሳያስብ አንዱ የሸሸበት ጫና በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል።

የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አንድ የአከፋፈል ዘዴ በራሱ የድኻ ወይም የሀብታም እንዳልሆነ ነው። ግማሽ ዶላሩም ሃያ ሺህ ዶላሩም የተከፈሉት አስቀድሞ፣ ከሕመም በፊት ነው። በታኮማ ሐኪሙ ያተረፈው አባል ሲጨመር ነበር፤ በሲያትል ያተረፈው መዝገቡን በማሳጠሩ ነው። በመካከላቸው ያለፈው ሰማንያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪምን ጊዜ በርካሽ የገዛ ዘመን ነበር፤ ያ ጊዜ በርካሽ ስለተገዛ ነው በኋላ በውድ ሊሸጥ የቻለው።

ከእናንተ መካከል የሕክምና ተማሪዎች አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በዚያች አገር ልትሠሩ ትችላላችሁ፤ የሽግግሩ ውል ይቀርብላችሁ ይሆናል። ውሉ የሚነግራችሁ የሚቀሩትን ሰዎች ቁጥር፣ ክፍያቸውንና ገቢያችሁን ነው። የሚሄዱት ስንት እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው አረጋዊው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት፣ መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ፣ በአካባቢው የሚቀበላቸው ሐኪም መኖር አለመኖሩን አይነግራችሁም። ያንን ዝርዝር ራሳችሁ አዘጋጁና ከውሉ ጎን አስቀምጣችሁ ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ በኋላ የምትወስኑት ውሳኔ የእናንተ ነው።